ወተቱ በዛ፣ ላሟ ከሳች፦ የአርሲ ዲቃላ ላም እና የኢንሱሊን ታሪክ

አርሲ ሲባል መጀመሪያ ወደ አእምሯችሁ የሚመጣው ምንድን ነው? ለብዙዎቻችን ሩጫ ነው። ከበቆጂ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ፣ ከአሰላ ደግሞ ኃይሌ ገብረሥላሴ። ስለ አርሲ ጡንቻ ከተወራ የሚወራው የእነሱ እግር ነው። ዛሬ ግን ብዙም የማይወራለትን ሌላ የአርሲ ጡንቻ ላሳያችሁ ነው፤ የላሟን።

ከአዳማ ወደ አሰላ ስትጓዙ ኢተያን ታገኛላችሁ። የሄጦሳ ወረዳ ከተማ ናት፤ ዙሪያዋ የስንዴ ማሳ ነው። በአንዳንዱ ግቢ ጥቁርና ነጭ ቡሬ ላሞች ቆመው ታያላችሁ። ሰው «የፈረንጅ ላም» ይላቸዋል፤ አብዛኞቹ ግን ዲቃላ ናቸው። ከእነዚህ አንዷን ከወለደች ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ብታዩዋት ግራ ልትጋቡ ትችላላችሁ። ወተቷ ከመቼውም በላይ በዝቷል፤ የዳሌዋ አጥንት ግን ወጥቷል፣ ጎድኗ ይቆጠራል። ስትበላ እያያችኋት ትከሳለች። አንዱ በሽታ ነው ይላል፣ ሌላው ዓይን ገብቷት ነው ይላል። እውነቱ የትኛው ነው?

መልሱን ለማግኘት ከአሰላ ተነስተን ቶሮንቶ፣ ቦነስ አይረስና ለንደን ደርሰን መመለስ አለብን። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ላሟ እንዴት መጣች?

በ1967 የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት በጭላሎ አውራጃ አንድ ትልቅ የእርሻ ልማት ሥራ ጀመሩ። በእንግሊዝኛ ስሙ ምህጻረ ቃል «ካዱ» ተባለ፤ በአካባቢው ዛሬም የሚታወቀው በዚሁ ስም ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ አሰላ ነበር። ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘርና ብድር ለገበሬው ማድረስ ከሥራዎቹ መካከል ነበሩ። ከኢተያ ወደ አሰላ ሲኬድ በመንገድ ላይ የሚገኘው የቁሉምሳ የስንዴ ምርምርም ከዚያ ዘመን ጋር ታሪኩ የተሳሰረ ነው።

ካዱ ስለ ስንዴ ብቻ አላሰበም፤ ስለ ወተትም አሰበ። የአርሲ ላም ትንሽ ናት፣ ጠንካራ ናት፣ ደጋውን ለምዳዋለች፤ የምትሰጠው ወተት ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ አሰላ በሚገኘው ጣቢያ የአርሲ ላሞችን ከፍሪዥያን ዝርያ ጋር ማዳቀል ተጀመረ። የተገኙት ዲቃላ ጊደሮች ለገበሬዎች ተከፋፈሉ።

ውጤቱ በጥንቃቄ ተመዝግቧል። መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ማዕከል (ኢልካ) የአርሲን ዲቃላ ላሞች የብዙ ዓመት መዝገብ አጥንቶ በ1983 ሪፖርት አወጣ። ቁጥሩን ጠቅለል አድርገን እንየው። ንጹሕ የአርሲ ላም ከወለደች ጀምሮ እስክትነጥፍ ድረስ 800 ኪሎ ገደማ ወተት ትሰጣለች። ግማሽ ፍሪዥያን ግማሽ አርሲ የሆነችው ደግሞ 2000 ኪሎ ገደማ። ከእጥፍ በላይ ማለት ነው፤ በአንድ ትውልድ ብቻ! አንድ ገበሬ ይህን ሲያይ ደስ ቢለው አይገርምም።

እኔ የሰለጠንኩት በምህንድስና ነው። መሐንዲስ ደግሞ «እጥፍ ሆነ» ሲባል ወዲያው የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ ከየት መጣ?

የስኳር ሒሳብ

ወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ። ይህን ስኳር የላሟ ግት የሚሠራው ከደም ከሚወስደው ግሉኮስ ነው። አንድ ኪሎ ወተት ለመሥራት ግት 70 ግራም ገደማ ግሉኮስ ያስፈልገዋል። እስቲ አባዙት። 800 ኪሎ ወተት ማለት 56 ኪሎ ግሉኮስ ነው። 2000 ኪሎ ወተት ማለት 140 ኪሎ ግሉኮስ፤ አንድ ኩንታል ከ40 መሆኑ ነው። ላሟ በአንድ የአለባ ወቅት ይህን ሁሉ ስኳር በግቷ በኩል ታወጣለች።

ችግሩ ላም ስኳር አትበላም። እኛ እንጀራ ስንበላ ስታርቹ ተፈጭቶ ግሉኮስ ሆኖ በአንጀታችን በኩል ወደ ደም ይገባል። ላም ግን የበላችውን ሣርና ጭድ በትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ቀድመው ያብላሉታል። ጠላ እንሥራ ውስጥ እንደሚፈላው ብታስቡት አትሳሳቱም። ከዚያ የሚወጣው በአብዛኛው አሴቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት የሚባሉ አሲዶች ናቸው። ወደ ላሟ ደም በቀጥታ የሚገባው ግሉኮስ በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ ጉበቷ በተለይ ፕሮፒዮኔቱን እየወሰደ ግሉኮስን ራሱ መሥራት አለበት።

በላም ሰውነት ውስጥ ግሉኮስ ውድ ነገር ነው ማለት ነው። ውድ ነገር ደግሞ ሻሚው ብዙ ነው። አንጎል ይፈልገዋል፣ ግት ይፈልገዋል፣ ከሰውነት ትልቁን ድርሻ የያዘው ጡንቻም ይፈልገዋል። ማን ይቅደም? ይህን የሚወስነው ማነው? ኢንሱሊን ወደ ታሪኩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

የጡንቻ በር

ኢንሱሊን የሚመነጨው ከቆሽት ነው። በ1921 ቶሮንቶ ውስጥ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ከውሻ ቆሽት አወጡት፤ በጆን ማክላውድ ቤተ ሙከራ፣ በኋላም በጄምስ ኮሊፕ የማጣራት ሥራ ታግዘው። በጥር 1922 ሌናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ በስኳር በሽታ ሊሞት ሲል በዚህ መድኃኒት ተረፈ። ዓለም ተደነቀ።

ኢንሱሊን የደም ስኳርን እንደሚያወርድ ታወቀ። ስኳሩ የት ነው የሚሄደው? ይህ ለዓመታት አከራከረ። በ1949 ቺካጎ ውስጥ ራክሚል ሌቪንና ባልደረቦቹ ጥሩ ዘዴ አገኙ። ጋላክቶስ የሚባል፣ ጡንቻ በቀላሉ ሊጠቀምበት የማይችል ስኳር ለውሾች ሰጡና ኢንሱሊን ሲጨመር ምን እንደሚሆን ተከታተሉ። ስኳሩ ከደም ወጥቶ ወደ ሕዋሳት ገባ። ስለዚህ ኢንሱሊን ዋና ሥራው ስኳሩን ማቃጠል ሳይሆን በሩን መክፈት ነው አሉ።

በሩ ራሱ የተገኘው ግን ዘግይቶ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ግሉት 4 የሚባል ፕሮቲን ነው። በጡንቻና በስብ ሕዋስ ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ኢንሱሊን ከውጭ ሲያንኳኳ መልእክቱ ከአንዱ ፕሮቲን ወደ ሌላው እየተቀባበለ ወደ ውስጥ ይደርሳል፤ ያኔ ግሉት 4 ወደ ሕዋሱ ገጽ ይወጣል፣ ግሉኮስም ይገባል። ኢንሱሊን አሚኖ አሲዶች በጡንቻ ውስጥ ፕሮቲን ሆነው እንዲቀሩም ያግዛል። ባጭሩ ለጡንቻ «ምግብ መጥቷል፣ ውሰድ፣ አስቀምጥ» የሚለው መልእክተኛ ነው።

የላም ግት ግን ይህን መልእክተኛ አይጠብቅም። እሱ በዋናነት የሚጠቀመው ግሉት 1 በሚባል ሌላ በር ነው፤ ይህ በር ኢንሱሊን ኖረም አልኖረም ክፍት ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ። የታሪኩ ቁልፍ እሱ ነው።

አንድ ዕጢ፣ ሁለት ውጤት

አሁን ወደ ቦነስ አይረስ እንሂድ። በርናርዶ ሁሴይ የተባለ አርጀንቲናዊ ሐኪም በ1930 አካባቢ አንድ እንግዳ ነገር አየ። ቆሽቱ የወጣ ውሻ ከባድ የስኳር በሽታ ይይዘዋል፤ ይህ የታወቀ ነበር። ከአንጎል ሥር ያለችው ትንሿ ፒቱታሪ ዕጢ አብራ ከወጣች ግን በሽታው ይቀልላል! ስለዚህ ከዚህች ዕጢ የሚወጣ፣ ኢንሱሊንን የሚቃወም ነገር አለ ማለት ነው። ሁሴይ በዚህ ሥራው በ1947 የኖቤል ሽልማት ተጋራ።

በዚያው በ1930ዎቹ ፍራንክ ያንግ የተባለ የእንግሊዝ ተመራማሪ የሁሴይን ሙከራ ከሌላ አቅጣጫ ሞከረው። የፒቱታሪ ጭማቂን ለጤነኛ ውሾች ደጋግሞ ሲወጋቸው የስኳር በሽታ ያዛቸው። ይህ በ1937 ታተመ። በዚያው ዓመት ከሶቪየት ኅብረት ሌላ ዜና መጣ። እዚያ ተመራማሪዎች የፒቱታሪን ጭማቂ ለብዙ መቶ ላሞች ወግተው ወተታቸው መጨመሩን አዩ።

ውሻን ስኳር በሽተኛ የሚያደርግ ጭማቂ ላምን ወተታም ያደርጋል! የማይገናኙ ይመስላሉ አይደል? ያንግ ግን ሁለቱንም ተከታተለ። ፎሊ ከተባለ የወተት ተመራማሪ ጋር ሆኖ በእንግሊዝ ላሞች ላይ ሠራ። ጦርነቱ መጥቶ እንግሊዝ ምግብ ሲያጥራት የሀገሪቱን ወተት በዚህ መንገድ መጨመር ይቻል ይሆን ተብሎ ታሰበ። አልሆነም፤ ዕጢው የሚገኘው ከታረደ ከብት ነው፣ መጠኑም ጥቂት ነው። በ1944 ካሊፎርኒያ ውስጥ ቾህ ሃኦ ሊና ኸርበርት ኢቫንስ ከከብት ፒቱታሪ የዕድገት ሆርሞንን ለይተው አወጡ። በ1940ዎቹ መጨረሻ ላይ ነገሩ ጠራ፦ ወተቱን የሚጨምረውም ኢንሱሊንን የሚቃወመውም ይኸው የዕድገት ሆርሞን ነው።

ግንኙነቱ እንዲህ ነው። የዕድገት ሆርሞን ሲበዛ ኢንሱሊን የጡንቻን በር ሲያንኳኳ መልእክቱ በደንብ አይሰማም። በሌላ በኩል ሆርሞኑ ከተከማቸ ሞራ ላይ ስብ እንዲሟሟና ወደ ደም እንዲገባ ያደርጋል። ጡንቻ ያንን ስብ ማቃጠል ሲጀምር ግሉኮስ የመፈለግ ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ ይህን ፊሊፕ ራንድልና ባልደረቦቹ በ1963 አብራርተውታል። ጡንቻ ያልወሰደው ግሉኮስ ደም ውስጥ ይቀራል። የማን በር ነበር ሁልጊዜ ክፍት የሆነው? የግት። ስኳሩ ወደዚያ ይፈስሳል።

የከተማ ውኃ ሲያጥር ወደ አንዱ ሰፈር የሚሄደውን መስመር ጠበብ አድርጎ ለሌላው መልቀቅ እንዳለ ሁሉ ማለት ነው። ምንጩ አልጨመረም፤ የሚሄድበት ተለወጠ። ውሻ ግት የለው፣ ጥጃ የለው፤ ስለዚህ ያው ለውጥ በእሱ ላይ በሽታ ሆነ። የወለደች ላም ላይ ግን የእናትነት ሥርዓት ነው። ዴል ባውማንና ብሩስ ካሪ በ1980 ባሳተሙት ታዋቂ ጽሑፍ ይህን ሐሳብ አደላደሉት፦ የወለደች ላም ሰውነት ሥርዓቱን አልሳተም፣ ለጥቂት ወራት ቅድሚያውን ወደ ወተት አዙሯል።

ታዲያ ፍሪዥያን ምን ይዛ መጣች?

የአርሲም ላም ስትወልድ ቅድሚያዋን ወደ ወተት ታዞራለች። ልዩነቱ የመጠን ነው። በ1978 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ብዙ ወተት የሚሰጡ የፍሪዥያን ላሞችንና ጥቂት ወተት የሚሰጡ የሥጋ ዲቃላ ላሞችን ደም አወዳደሩ። ወተታሞቹ ከፍ ያለ የዕድገት ሆርሞን፣ ዝቅ ያለ ኢንሱሊን ነበራቸው። ለብዙ ትውልድ አውሮፓውያን «ብዙ የምትታለበዋን አስቀር፣ ሌላዋን እረድ» እያሉ ሲመርጡ ሳያውቁት የመረጡት ይህን የሆርሞን ሚዛን ጭምር ነበር።

ስለዚህ አሰላ ላይ ከፍሪዥያን ጋር አብሮ የመጣው ትልቅ ግት ብቻ አይደለም፤ ጡንቻዋንና ሞራዋን ለወተት አሳልፎ የሚሰጥ የሰውነት ትእዛዝም ነው። የኢልካ መዝገብ ሊትርንና ቀንን እንጂ ሆርሞንን አይቆጥርም። ሆኖም አንድ ነገር ያሳያል፤ ሦስት አራተኛ ፍሪዥያን የሆኑት ላሞች የሰጡት 2400 ኪሎ ገደማ ነው። ከ800 ወደ 2000 የነበረው ዝላይ አልተደገመም። ደሙን እየጨመሩ መሄድ ብቻውን ወተቱን በዚያው ልክ አያሳድገውም። ትእዛዙን የሚፈጽም መኖ ያስፈልጋል።

መኖው ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በካዱ ዘመን የስንዴ እርሻ በትራክተር ሲስፋፋና ሲያዋጣ ብዙ ባለርስቶች መሬቱን ራሳቸው ለማረስ ጭሰኞችን አስለቀቁ። ለአነስተኛ ገበሬ የታሰበ ልማት አንዳንዱን ገበሬ ከመሬቱ አፈናቀለ። በ1975 የመሬት አዋጁ ጭሰኝነትን አስቀረ፤ ስንዴው ግን ቀጠለ። ሜዳው እየታረሰ በሄደ ቁጥር ግጦሹ ጠበበ፣ የላሟም ምግብ ከሣር ወደ ስንዴ ጭድ አዘነበለ። ጭድ በዝግታ ይብላላል፤ የሚሰጠው በአብዛኛው አሴቴት ነው፣ ጉበት ለግሉኮስ የሚፈልገው ፕሮፒዮኔት ግን ያንሰዋል። ፕሮቲኑም ጥቂት ነው። ሆዷ ሞልቶ ላሟ ልትራብ ትችላለች ማለት ይኸው ነው። በልታም የምትከሳው ለዚህ ነው።

ጭዱ ላይ የስንዴ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ሲጨመር ነገሩ ይለወጣል። ፕሮፒዮኔቱ ይጨምራል፣ ጉበት ግሉኮስ ይሠራል፣ ኢንሱሊንም ቀስ በቀስ ከፍ ይላል። የኢንሱሊን ከፍ ማለት ለመላ ሰውነቷ «ክፉው ጊዜ አልፏል» የሚል ዜና ነው። ጡንቻ መመለስ ይጀምራል፤ ላሟም እንደገና ለኮርማ ትደርሳለች። ዜናው ከዘገየ የምትጸንስበት ጊዜም ይዘገያል፣ ቤተሰቡ የሚቀጥለውን ጥጃ ይጠብቃል። ሞራዋ ከልክ በላይ ከሟሟ ደግሞ ጉበቷ በስብ ይጨናነቃል፣ ትንፋሿ አሴቶን መሽተት ይጀምራል። ያኔ በእርግጥም በሽታ ሆኗል፤ የእንስሳት ሐኪም ያስፈልጋል።

አሁን ወደ አርሲ ላም ተመለሱና በአዲስ ዓይን እዩዋት። መኖ ሲያጥር ወተቷን ቶሎ ትቀንሳለች፣ ሥጋዋን ትይዛለች፣ የበጋውን ድርቅ ትሻገራለች። ለዘመናት ስትሰነፍ አልነበረም። ጡንቻዋን ከወተቷ በፊት ማስቀደሟ ለዚህ አየር፣ ለዚህ ግጦሽ የተሠራ ውሳኔ ነው። ዲቃላዋ ያንን ውሳኔ በከፊል ቀየረችው፤ የቀየረችውን ያህል መኖ ካላገኘች ዕዳው የሚከፈለው ከገዛ ሥጋዋ ነው።

እናትና በሬ

ይህ የላም ወሬ ብቻ አይደለም። እናቶቻችሁ እናንተን ሲያረግዙ ከእንግዴ ልጅ የወጡ ሆርሞኖች ጡንቻቸው ለኢንሱሊን የሚሰጠውን ምላሽ ዝቅ አድርገው ነበር፤ በእርግዝና መጨረሻ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። ጡንቻ ያልወሰደው ግሉኮስ ለጽንሱ ይደርሳል። አብዛኛውን ጊዜ የእናት ቆሽት ተጨማሪ ኢንሱሊን አመንጭቶ ሚዛኑን ይጠብቃል። ሳይችል ሲቀር በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ የስኳር በሽታ ይከሰታል። ነፍሰ ጡሮች በክትትል ወቅት የደም ስኳር ምርመራ የሚደረግላቸው ለዚህ ነው።

ጡንቻ ደግሞ ሌላም መንገድ አለው። ሲሠራ፣ ሲኮማተር፣ ግሉት 4 ያለ ኢንሱሊን ማንኳኳት ወደ ገጹ ይወጣል። በሬ ሞፈርና ቀንበር ሲጎትት፣ ሯጭ የበቆጂን ዳገት ስትወጣ፣ በሩን የሚከፍተው ሥራው ራሱ ነው። ስኳር በሽታ ላለበት ሰው ሐኪሞች «ተራመድ» የሚሉትም ከዚህ የተነሳ ነው።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ በኢተያ በኩል ስታልፉ፣ ወይም በራሳችሁ ሰፈር፣ የከሳች ባለብዙ ወተት ላም ካያችሁ «ዓይን ገባት» ከማለታችሁ በፊት ባለቤቷን ሁለት ነገር ጠይቁ። መቼ ወለደች? ከወለደች ወዲህስ ከጭዱ ሌላ ምን በላች? ሁሴይና ያንግ በውሻና በላም ላይ ዓመታት ያጠፉበት ነገር ከእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ውስጥ አለ።